ጸጥ ያለው ችሎት

ተረት ተረት! የላም በረት!

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ወታደር በእጁ ይዟት በምትዞር ሣጥን ውስጥ አንዲት አገር ነበረች። ሣጥኗን ከውጭ የሚያዩ ሰዎች «አዮን ሞቢሊቲ ስፔክትሮሜትር» ይሏታል፤ አየር እየሳበች በውስጡ ያለውን መርዝ አሽትታ የምትናገር መሣሪያ ናት። በውስጧ የሚኖሩት ግን አገራቸውን ሰርጥ ይሏታል፤ ያላት መንገድ አንድ ብቻ፣ እሱም ጠባብና ቀጥ ያለ ነውና። በመንገዱ ወዲህኛው ጫፍ የሣጥኗ አፍንጫ፣ በወዲያኛው ጫፍ ችሎቱ አለ። ርቀቱ ቢለካ ከጥቂት ሳንቲሜትር አይበልጥም። ለሰርጥ ሰው ግን ያንን መንገድ ጨርሶ ዳኛ ፊት መቅረብ፣ ደጅ መጥናት በሚባልበት አገር ሁሉ እንዳለው ጭንቅ ነበር።

የሰርጥ ሕግ አጭር ነው፦ ጧፍ የያዘ ይሄዳል፣ ያልያዘ ይመለሳል። ጧፉን ፊዚክስ የተማሩ ሰዎች ቻርጅ፣ ባለጧፉን ደግሞ አዮን ይሉታል። በመንገዱ ላይ የተዘረጋው ኤሌክትሪክ ስቦ የሚወስደው ባለጧፉን ብቻ ነው። ባዶ እጁን የመጣውን ከችሎቱ በኩል የሚነፍስ የማያቋርጥ ነፋስ ጠርጎ ከአገር ያስወጣዋል። ነፋሱ ክፉ አይደለም፤ አይቶም አያዳላም። ጧፍ የሌለውን ጥረግ ተብሏል፤ ይጠርጋል።

ጧፉ የሚለኮሰው ከአባ ኒኬል ምድጃ ነው። አባ ኒኬል ኒኬል 63 ከሚባለው ወገን ናቸው፤ ጉልበታቸው በግማሽ የሚቀንሰው በ100 ዓመት ገደማ ስለሆነ ደክመው ያያቸው የለም። ቀን ከሌት ቤታ የሚባል ፍንጣሪ ይበትናሉ። ፍንጣሪው ቀድሞ የሚያርፈው በናይትሮጅን ሕዝብ ላይ ነው፤ ከ100 የአየር ነዋሪ 78ቱ ናይትሮጅን ነውና። ናይትሮጅን ግን እሳት መያዝ አይሆንለትም። ለጎረቤቱ ያቀብላል፣ ጎረቤቱም ለሚቀጥለው፤ በዓይን ጥቅሻ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ በመጨረሻ ከእመት ውሃ ዘንድ ይደርሳል። እመት ውሃና ልጆቻቸው ሁለት ሦስት ሆነው ተቃቅፈው ፕሮቶን የምትባለውን አንዲት ጧፍ ይይዛሉ።

ልብ በሉ፤ አባ ኒኬል ሳይታክቱ ቢለኩሱም፣ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ጧፍ የተቆጠረ ነው። አንዱ ሲያገኝ ሌላው ያጣል። የሰርጥ ክርክርና ሽኩቻ በሙሉ የተወለደው ከዚህ ነው።

ዳኛው ሰሌዳ ይባላሉ። ከመንገዱ መጨረሻ የተቀመጡ ጠፍጣፋ ብረት ናቸው፤ ፊት አያዩም፣ ስም አይጠይቁም፣ የሚያውቁት የመድረሻ ሰዓት ብቻ ነው። በመንገዱ መግቢያ ያለው የሽቦ መዝጊያ ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ላነሰች ቅጽበት ይከፈትና ይዘጋል፤ ያኔ ባለጧፎቹ አብረው ይነሣሉ። ትንሹ ፈጥኖ ይደርሳል፤ ግዙፉ በየእርምጃው ከአየሩ ጋር እየተላተመ ይዘገያል። ጉዞው ቢበዛ 20 ሺኛ ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ጸሐፊው ከዳኛው አጠገብ ቆሞ «በዚህ ሰዓት ይህን ያህል ጧፍ ገባ» እያለ ይመዘግባል። ዳኛ ሰሌዳ መዝገቡን አይተው «እገሌ በአገር አለ» ብለው ይፈርዳሉ፤ ፍርዱም ከሣጥኗ ውጭ ደወል ሆኖ ይሰማል።

በጥንቱ ዘመን በሩ ላይ የሚቆሙት እመት ውሃ ብቻ ነበሩ። ቸር ናቸው ይባል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን እጃቸው የላላ ነው። በሰርጥ የእያንዳንዱ ሰው የጭብጥ ኃይል፣ ማለትም ፕሮቶንን ይዞ የማቆየት አቅሙ፣ በመዝገብ ተጽፏል፤ የሚለካውም በኪሎጁል በሞል ነው። የእመት ውሃ ጭብጥ 691 ነው። ከዚያ በላይ ያለው ማንም መንገደኛ ጧፉን ከእጃቸው ወስዶ ይሄዳል።

ስለዚህ የማይሄድ አልነበረም። ወታደሩ እጁን ያሸበት አልኮል፣ ስሙ ኢታኖል፣ ጭብጡ 776፣ ገና ከደጅ ሲደርስ ጧፍ ይዞ ይሮጣል። የቀለም ማቅጠኛው፣ የመኪናው ጭስ፣ የመኮንኑ ሽቶ፣ የበቅሎው ጋጣ ሽታ፣ ሁሉም ይመጣሉ። በችሎቱ ጫጫታ ሆነ። አንዱ በሌላው ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ ጸሐፊው የማንን ጧፍ ለማን እንደሚጽፍ ግራ ይገባዋል። ደወሉ ለሽቶ ይጮሃል፤ ወታደሮቹ ጭምብላቸውን ለብሰው ምሳቸውን ሳይበሉ ይውላሉ። በመጨረሻ ደወሉ ሲጮህ «ተዋት፣ እሷ እንደልማዷ ናት» ማለት ጀመሩ።

ሣጥኗ የተሠራችው ግን ለሽቶ አልነበረም። የተሠራችው ለሳሪንና ለወንድሞቹ ነበር። ሳሪን እ.ኤ.አ. በ1938 በጀርመን አገር የተፈለሰፈ፣ በ1995 በቶኪዮ የምድር ውስጥ ባቡር ተለቅቆ ሰው የፈጀ የነርቭ መርዝ ነው። የፎስፈረስ ወገን ነው፤ የዚህ ወገን ጭብጥ ደግሞ ብርቱ ነው። ኬሚስቶች ለሙከራ በሳሪን ፋንታ የሚጠቀሙበት ዲኤምኤምፒ የተባለው ዘመዱ 902 ይጨብጣል። እንዲህ ያለው ገዳይ በጫጫታው መካከል ሹልክ ብሎ ቢገባ ማን ይለየዋል?

ዳኛ ሰሌዳ ሽማግሌ ሰበሰቡ። «የምፈልገው አንድ ሰው ነው፤ የምሰማው ሺህ ነው። ምን ይሻላል?» አሉ።

«በሩ ላይ እልፍኝ አስከልካይ ይቁም» አሉ ሽማግሌዎቹ። በሰርጥ ቋንቋ እልፍኝ አስከልካይ የሚባለውን የውጭ ሰዎች ዶፓንት ይሉታል፤ ሆነ ተብሎ ወደ አየሩ የሚጨመር ጋዝ ነው። ለዚህ ሹመት የተጠሩት ከትንሽ ጠርሙስ እየተነኑ የሚገቡ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸቱ መንትዮች ነበሩ።

«ስማችሁ ማን ይባላል?» ብለው ጠየቁ ዳኛው።

«አሴቶን እንባላለን፣ ጌታችን። ሁለት ሆነን አንዲት ጧፍ እንይዛለን።»

«ጭብጣችሁስ?»

«የአንዳችን 812 ነው። ሁለት ሆነን ስንይዝ ደግሞ ከእጃችን ማስለቀቅ ይብሱን ይከብዳል።»

«ሰው ትከለክላላችሁ?»

«ኧረ ማንንም አንከለክልም። ጧፉን ይዘን እንቆማለን፤ ከእጃችን ሊወስድ የቻለ ይውሰድ።»

ዳኛው በመልሱ እጅግ ደስ አላቸው። ማንንም የማይከለክል ከልካይ ማግኘት ለሹም ሁሉ ታላቅ ዕድል ነው፤ በሩ ተዘግቶ እያለ ክፍት ነው ማለት ያስችላል።

መንትዮቹ ሥራ ሲጀምሩ መጠኑን ማግኘት ጥቂት አስቸገረ። አነስ ሲሉ ከጧፉ ግማሹ ከእመት ውሃ እጅ ቀርቶ በሩ ሁለት ጌታ ኖረው፤ አንዱ መንገደኛ በአንደኛው በኩል ያልፋል፣ በሌላው ይወድቃል። በዝተው ሲመጡ ደግሞ የፎስፈረስ ወገን ሳይቀር ጧፉን ማግኘት ከበደው፤ ያገኘውም አሴቶን እላዩ ላይ እየተጣበቀበት ዘገየ፣ ድምፁም ሰለለ። በመጨረሻ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ነዋሪ መካከል ጥቂቱ ብቻ አሴቶን ሲሆን ነገሩ ተስተካከለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ተአምር ይመስል ነበር። ኢታኖል እንደልማዱ እየተንገዳገደ መጣና እጁን ዘረጋ። መንትዮቹ ፈገግ አሉ፤ ጧፉ ንቅንቅ አላለችም። ኢታኖልን ነፋሱ ጠረገው። ከጭሱና ከማቅጠኛው ወገን ብዙው እንዲሁ ተጠረገ። ወይዘሮ አሞኒያ ብቻ፣ የጋጣዋ እመቤት፣ ጭብጧ 854 ስለሆነ መንትዮቹን ገፍታ አለፈች፤ እሷን የሚያቆም በር እስካሁንም ብርቅ ነው። ችሎቱ ግን ጸጥ አለ።

አንድ ቀን ከፎስፈረስ ወገን አንዱ መጣ። ጧፏን ከመንትዮቹ እጅ በአንድ ጊዜ መነጨቃት። አንዳንዴም ከመንትዮቹ አንዱ አልለቅም ብሎ ክንዱን እንደያዘ አብሮት ይሄዳል። ተቆራኝተው ሲደርሱ የሚደርሱበት ሰዓት የራሳቸው ብቻ ስለሚሆን ጸሐፊው ይበልጥ በቀላሉ ለያቸው። በጸጥታው ውስጥ አንድ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ደወሉ ጮኸ፤ ወታደሮቹ ጭምብል ለበሱ፤ ዳኑ። መንትዮቹ ተሸለሙ። ሹመታቸው ከእንግዲህ የማይሻር ሆነ።

ጸሐፊው ከዚያች ቀን አንድ ነገር ተማረ። በመዝገቡ ላይ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚደርስ፣ ጉዳይ የሌለው አንድ ሰልፍ አለ፦ የመንትዮቹ የራሳቸው ሰልፍ። ማንም ጧፍ ሳይወስድባቸው ሲቀር እነሱው ይዘውት ወደ ችሎቱ ይመጣሉ። ሌላ ሰው ጧፍ ሲወስድ ግን የእነሱ ሰልፍ በዚያው ልክ ይሳሳል። ስለዚህ የበረኛው ሰልፍ ሲሳሳ በበሩ ላይ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። «የባለጉዳዩን ብዛት ብቻ አትቁጠር፤ የበረኛውን መቀነስም ቁጠር» ብሎ በመዝገቡ ጠርዝ ላይ ጻፈ።

ዘመን አለፈ። ጦርነቱ ቆመ። የወታደሩ ሣጥን ተሸጠችና ሜታኖል በበርሜል የሚከማችበት አንድ መጋዘን ግድግዳ ላይ ተሰቀለች። ባለመጋዘኑ ደስ ብሎታል፤ በጦር ሜዳ የተፈተነች መሣሪያ ነው ያገኘው። ሣጥኗን ሲሰቅል በሩ ላይ ማን እንደቆመ አልጠየቀም። መንትዮቹም አልተናገሩም፤ ማን ይጠይቃቸዋል?

ከበርሜሎቹ አንዱ በክዳኑ በኩል ማትነን ጀመረ። ሜታኖል እየተጎማለለ ከሰርጥ በር ደረሰ። ይህ ሰው ክፉ ነው፤ ነገር ግን ክፋቱን አይደብቅም። በሰው ገላ ውስጥ ሲገባ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለወጣል፤ የዓይንን ነርቭ ያጠፋል።

«ጌቶቼ፣ ጧፍ ስጡኝ» አለ። «ዓይን አጥፊ ነኝ። በዚህ ቤት መኖሬን ዳኛው ይወቁት።»

«ጭብጥህ ስንት ነው?» አሉት መንትዮቹ።

«754።»

«የኛ 812 ነው። ማንንም አንከለክልም፤ ከቻልክ ውሰድ።»

ሜታኖል ሳበ፤ አልቻለም። ደግሞ ሳበ። ነፋሱ መጣና ጠረገው። በማግስቱ ከመቶ ወንድሞቹ ጋር መጣ፤ በሦስተኛው ቀን ከሺህ ጋር። ሁሉም ተጠረጉ። የመንትዮቹ ሰልፍ ግን አልሳሳም፤ ምክንያቱም ማንም ከእጃቸው የወሰደ የለም። ጸሐፊው በየቀኑ «ዛሬም ጸጥታ ነው» ብሎ ጻፈ። በሣጥኗ ፊት ላይ አረንጓዴ መብራት በራ።

በመጋዘኑ ውስጥ ግን ሠራተኞቹ ራሳቸውን ያማቸው ጀመር። አንዱ ዓይኑን እያሸ «ዛሬ ደግሞ ጭጋግ ጭጋግ ይለኛል» ሲል፣ አለቃው ወደ ግድግዳው እያመለከተ «ሣጥኗ ምንም አላለችም፤ እንቅልፍ አጥተህ ነው» አለው። ይህ ንግግር ከአየሩ ጋር በሣጥኗ አፍንጫ ገባና ከጸሐፊው ጆሮ ደረሰ።

«ጌታዬ» አለ ጸሐፊው ለዳኛው፤ «ውጭ ሰው ዓይኑን እያሸ ነው።»

«መዝገቡ ምን ይላል?»

«ጸጥታ ይላል።»

«ጸጥታ ካለ ሰላም ነው። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

ጸሐፊው አላስቻለውም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከችሎቱ ተነሥቶ መንገዱን በተቃራኒው ወረደና እስከ በሩ ሄደ። ከበሩ ማዶ ያየው ሕዝብ በመዝገቡ ውስጥ አንድም መስመር ያልተጻፈለት ነበር። እጃቸውን ዘርግተው ይመጣሉ፣ ይስባሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይጠረጋሉ። መንትዮቹም ለእያንዳንዱ በትሕትና «ማንንም አንከለክልም» ይላሉ። ጸሐፊው እየሮጠ ተመለሰ።

«ጌታዬ፣ ችሎቱ ጸጥ ያለው ባለጉዳይ ስለሌለ አይደለም። በሩ የቆመው ለሳሪን ነው። እኛ ያለነው ከሜታኖል ቤት ነው።»

ዳኛ ሰሌዳ ተቆጡ። «መንትዮቹ ከድተውኛል! ይታሰሩ!» አሉ። ያን ጊዜ እመት ውሃ ከተቀመጡበት ጥግ ተነሡ። «ልጄ ሰሌዳ፣ እነዚህ ልጆች አንዲት ቀን አልዋሹህም» አሉ። «የመጡ ቀን 812 ነን ብለው ነግረውሃል። ያኔ ያስደሰተህ ቁጥር ነው ዛሬ የሚያስቆጣህ። አንተ ነህ ሣጥኗ አገር ስትለውጥ በሩን ያልለወጥከው።»

መንትዮቹ ወደ ጠርሙሳቸው ተመለሱ። እመት ውሃ ደግሞ በሩ ላይ ቆሙ። ሜታኖል ሲመጣ 754 ለ691 ነውና ጧፉን ያለ ጭንቅ ወሰደ፤ ከእመት ውሃ ሰልፍ ኋላ ብዙ ሳይርቅ ከዳኛው ፊት ደረሰ። «ዓይን አጥፊ ነኝ» አለ። ደወሉ ጮኸ፤ መስኮት ተከፈተ፤ ሠራተኞቹ ወጡ፤ የሚያተነው በርሜል ተዘጋ። በሰርጥ እልልታ ሆነ። «በር ተከፈተ! ከእንግዲህ ሁሉም ይሰማል!» ተባለ። ተረቱ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለሁላችንም ደስ ባለን።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከሠራተኞቹ አንዱ እጁን በሳኒታይዘር አሽቶ ከሣጥኗ ሥር አለፈ። ኢታኖል ነው፤ ያ የጥንቱ ሰካራም፣ በሺህ ሆኖ። ሜታኖል በዚያው ሰዓት በሩ ላይ ነበር፤ ጧፉንም ይዞ ነበር። ኢታኖል አየውና «ስጠኝ» አለው፤ 776 ለ754። ነጠቀው። ጧፉ የተቆጠረ ነው ብያችኋለሁ፤ ለሜታኖል የተረፈ ጥቂት ነበር። በዚያች ሰዓት በችሎቱ ጫጫታው ጣራ ነካ፤ የሜታኖል ድምፅ ግን ከጫጫታው ሥር ተቀበረ።

ዳኛ ሰሌዳ ራሳቸውን ያዙ። «በረኛ ሳቆም ደካማው ይታፈናል። በረኛ ሳነሣም ደካማው ይታፈናል። ታዲያ ምን ላድርግ?»

«በረኛ የሌለው በር የለም» አሉ እመት ውሃ። «እኔም በረኛ ነበርኩ፤ እጄ ስለላላ ነው ያልታወቀኝ። ከእኔ የተፈታውን ጧፍ ደግሞ ብርቱው ከደካማው ይነጥቃል። ክፍት በር ያልከው ለብርቱ ብቻ የተከፈተ ነው።»

ምክር ፍለጋ ከሌላ አገር ሰው ተጠራ። ከማዶ ሸለቆ ክሎራይድ መጣ። የእሱ አገር ኤሌክትሪኩ በተቃራኒው የሚስብበት፣ ጧፉም ፕሮቶን ሳይሆን ኤሌክትሮን የሆነበት ነው፤ በአውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ላይ የፈንጂ ብናኝ የሚፈለግባቸው ሣጥኖች ብዙዎቹ የሚሠሩት በዚያ ሕግ ነው።

«እኛ ዘንድ» አለ ክሎራይድ፤ «በሩ ላይ ቀድሞ ኦክስጅን ነበር። አርዲኤክስ የሚባለው ፈንጂ ሲመጣ መንገድ ላይ ስለሚሰባበር አንዱ ሰው አራት አምስት ሆኖ፣ በተለያየ ሰዓት፣ በደከመ ድምፅ ይደርስ ነበር። ክሎሪን ያለበት ትነት በበሩ ሲጨመር እኔ ከዚያ ወጥቼ አርዲኤክስን በክንዱ ደግፌ ሳይሰባበር እስከ ዳኛው አደርሰዋለሁ። ናይትሮግሊሰሪንንም እንዲሁ። ለቲኤንቲ ግን ድጋፌ አይመቸውም፤ ከእሱ ፕሮቶን አስጥዬው ብቻውን እልከዋለሁ። እልፍኝ አስከልካይ የሚያስቀር ብቻ መስሏችኋል። ዋስ ሆኖ የሚያቀርብም አለ፤ ነገር ግን አንድ ዓይነት ዋስትና ለሁሉ አይሠራም።»

ሁለተኛው እንግዳ 5-ኖናኖን የሚባሉ፣ ረጅም ካባ የለበሱ የአሴቶን የሥጋ ዘመድ ነበሩ፤ አሴቶን ሦስት ካርቦን ሲሆን እሳቸው ዘጠኝ ናቸው። «እኔ የተጠራሁት» አሉ፤ «ለጠፈርተኞች ጉዳይ ነበር። ሃይድራዚን የሮኬት ነዳጅ ነው፤ ከውጭ ሥራ ሲመለሱ ልብሳቸው ላይ ተጣብቆ ቢገባ ይመርዛቸዋል። አሞኒያ ደግሞ ከሰው ገላም ከማቀዝቀዣ ቧንቧም ሊመጣ ይችላል። የሁለቱም ጭብጥ 854 ገደማ ነው፤ በጉልበት አታበላልጣቸውም። አሴቶን በሩ ላይ ሲቆም ሁለቱም የእሱን አጭር ካባ ደርበው በአንድ ሰዓት ይደርሳሉ፤ ዳኛው አንዱን ከሌላው መለየት ያቅተዋል። እኔ ስቆም የእኔን ረጅም ካባ ይደርባሉ፤ ያኔ እርምጃቸው ይለያያል። ማንንም አላስቀረሁም፤ የተደባለቀውን ብቻ ለየሁ።»

ዳኛ ሰሌዳ ሌሊቱን ሲያሰላስሉ አደሩ። ጠዋት በችሎቱ አዋጅ ተነገረ፦

«ከዛሬ ጀምሮ የእልፍኝ አስከልካይ ሹመት የዘላለም አይሆንም። ሣጥኗ አገር በለወጠች ቁጥር፣ የምንፈልገው ሰው በተለወጠ ቁጥር በሩ እንደገና ይመረመራል። አንድ በረኛም ቀኑን ሙሉ ብቻውን አይቆምም፤ መንትዮቹ ቆመው የተሰማው እመት ውሃ ቆመው ከተሰማው ጋር ይነጻጸራል። ጫጫታ ሲበዛ፣ ጫጫታው ታጥቦ እስኪወጣ ይጠበቃል እንጂ ፍርድ አይሰጥም። ጸሐፊው ደግሞ ‹ጸጥታ ነው› ብሎ ብቻ አይጽፍም። ‹ጸጥታ ነው፤ በሩ ላይ የነበሩት አሴቶን ናቸው፤ ከ812 በታች ያለው ማንም ቢኖር አይሰማንም› ብሎ ይጽፋል።»

ጸሐፊው ይህን መጻፍ ሲጀምር መዝገቡ ረዘመ፤ ባለመጋዘኑም ተማረረ። «እኔ የምፈልገው አረንጓዴ ነው ወይስ ቀይ የሚለውን ብቻ ነው» አለ። መንትዮቹም ቅር አላቸው፤ ስማቸው ከጸጥታው አጠገብ መጻፉ እንደ ክስ ተሰማቸው። እመት ውሃ ግን «ክስ አይደለም ልጆቼ» አሏቸው፤ «አድራሻ ነው። ያልተሰማ ሰው ቢኖር የት ሄዶ እንደሚፈልጋችሁ ይወቅ።»

የተረቱ ፍቺ ከሣጥን ውጭ ላለነው ነው። ሰርጥን የጎዳት ክፉ ሰው አልነበረም። አባ ኒኬል አልሰነፉም፣ ነፋሱ አላዳላም፣ መንትዮቹ አልዋሹም፣ ዳኛውም ጉቦ አልበሉም። እያንዳንዱ ሥራውን በሥርዓት ሲሠራ ነው ሰው ዓይኑን ሲያሽ የዋለው። ጥፋቱ ለአንድ ጠላት፣ ለአንድ ዘመን የቆመ በር ጠላቱም ዘመኑም ካለፉ በኋላ እንደ ተፈጥሮ ሕግ መታየቱ ነው። በጦር ጊዜ የሠራ ማጣሪያ በሰላም ጊዜ ሲቀር፣ ሥራው የቀድሞው ነው፤ የሚያስቀረው ግን ሌላ ሰው ይሆናል። መድኃኒቱም በሩን ነቅሎ መጣል አልሆነም፤ ያኔ ደግሞ ባለ ጠንካራ ክንዱ ከባለ ለስላሳው ይነጥቃል፣ ጫጫታውም ነጻነት ይባላል።

በየመሥሪያ ቤቱ የሚወጣ ሪፖርት ላይ አንዲት የታወቀች ዓረፍተ ነገር አለች፦ «በሩብ ዓመቱ የቀረበ ቅሬታ የለም።» ይህቺን ስታነቡ አለቃውን ከማመስገናችሁም ከመርገማችሁም በፊት የሰርጥን ጸሐፊ ጥያቄ ጠይቁ፦ በሩ ላይ የቆመው ማን ነው፣ መቼ ተሾመ፣ ያኔስ የተፈራው ማን ነበር? ከእጁ ጧፍ ለመውሰድ ስንት ጉልበት ይጠይቃል፤ ዘመድ ነው፣ ገንዘብ ነው፣ የቋንቋ ችሎታ ነው፣ ወይስ ከሥራ ቀርቶ ሦስት ቀን ደጅ መጥናት? መልሱ ከሪፖርቱ ጋር አብሮ ካልተጻፈ፣ «ቅሬታ የለም» የሚለው ስለ በሩ እንጂ ስለ አገሩ ምንም አይነግረንም።